በሻንቆ አፍ የተነገረ ኑዛዜ

የትምወርቅ ለንፍሮ የሚሆነውን ባቄላ እየለቀመች ነበር። ጠጠሩን ታወጣለች፤ ሐሳቧ አብሯት ስላልነበረ ደህናውንም ፍሬ ከጠጠሩ ጋር ትጥላለች። ከግድግዳው ወዲያ ለቀስተኞቹ ያንሾካሹካሉ።

«ንስሐ በአስተርጓሚ! እንደ ችሎት!» ይህ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ዓመለወርቅ ድምፅ ነው። «አስናቀች እላይ ቤት ስትቀርብም ሻንቆን ይዛ ልትቆም ነው?»

«ተይ እባክሽ፣ ልጅቷ ትሰማሻለች።»

«ትስማ! ቄሱ የፈቱት ገባር የለቃቀመውን ነው።»

የትምወርቅ ሰማች። ከእናቷ ቀብር ወዲህ እንቅልፍ የነሳትም ይኸው ነበር።

እናቷ ወይዘሮ አስናቀች የወላይታ፣ የዳሞታ ተራራ ሥር ልጅ ነበሩ። አባቷ ባላምባራስ ቢያድግልኝ ከሰሜን መጥተው ሲያገቧቸው በቤቱ ከአማርኛ ሌላ እንዳይነገር አዘዙ። ወይዘሮ አስናቀችም አማርኛውን ለመዱት፤ ቀለዱበት፣ ተቆጡበት፣ ልጃቸውን እሹሩሩ አሉበት። በዚህ በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስድስት ክረምት ግን ሆዳቸው ውስጥ ያበጠው ነገር ሰውነታቸውን ሲጨርሰው፣ አማርኛውም አብሮ አለቀ። የቀራቸው የልጅነት ወላይትኛቸው ብቻ ሆነ። የትምወርቅ ደግሞ ያን ቋንቋ አታውቅም፤ ውሃ ሲጠይቋት ትራስ ታቀብላቸው ነበር።

የነፍስ አባታቸው አባ ገብረአማኑኤል ሊያናዝዟቸው ሲመጡ እሳቸውም አንድ ቃል አልገባቸውም። ገባሩን ሻንቆን ከጓሮ አስጠሩት፤ የሚሰማውን ለማንም እንዳይናገር ገዘቱትና በራስጌ አቆሙት። የትምወርቅ ራቅ ብላ ከደጅ አየች። እናቷ ደረታቸውን ጨብጠው ብዙ፣ እጅግ ብዙ ተናገሩ። ሻንቆ ለቄሱ ያስተላለፈው አጭር ነበር።

ለሰልስቱ ጸሎት አባ ሲደርሱ በር ላይ ጠበቀቻቸው። መስቀሉን ተሳለመች።

«አባ፣ እናቴ ሁሉንም ተናዝዛ ይሆን?»

«ልጄ፣ እኔ የሰማሁትን ፈታሁ።»

«ያልሰሙትስ?»

አባ ወደ ጓሮው ዞር ብለው አዩ። «እሱን ሻንቆ ያውቃል» አሉና ገቡ።

ሻንቆ ከጓሮ ለእንግዳ መቀመጫ የሚነጠፍ የእንሰት ቅጠል ይቆርጣል።

«ሻንቆ፣ ያን ቀን ያስቀረኸው ነገር አለ?»

ቢላዋው ቆመ። «አለ።»

«ምን?»

«ኃጢአቱን አልነግርሽም፣ የኔ እመቤት፤ ግዝት አለብኝ። እሱን አንድም አላጎደልኩ። ያስቀረሁት ጥያቄ ነው። አባ ይስቁባቸዋል ብዬ ፈራሁ።»

«ምን ብላ ጠየቀች?»

«‹እዚያም የሚነገረው አማርኛ ነው ወይ? እኔ ጠፍቶብኛል፤ ማን ይሰማኛል?› አሉ። ደጋግመው አሉ። ብዙ የመሰለሽ እሱ ነው።»

የትምወርቅ የእንሰቱን ግንድ ያዘች። ስንት ሌሊት ይህንኑ ጠይቀዋት ትራስ አቀብላ ይሆን?

«ታዲያ ሳትመልስላት ቀረህ?»

«መለስኩ እንጂ! ‹እግዚአብሔር ወላይትኛ ይሰማል፤ አማርኛ ሳይመጣም ሲሰማን ነበር› አልኳቸው። ቄስ አይደለሁም። ካጠፋሁ በኔ ላይ ይሁን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እጃቸውን ከደረታቸው አወረዱ። አንቺም አይተሻል።»

አይታለች። የአባ ‹ይፍታሽ› ማለት ያሳረፋቸው መስሏት ነበር።

ጸሎቱ አልቆ ንፍሮው ሲቀርብ ሻንቆ እንደ ልማዱ ከደጅ ቆመ። የትምወርቅ ክንዱን ይዛ አስገባችውና ከአባ አጠገብ አስቀመጠችው።

«እዚህ?» አለ በሹክሹክታ።

«እዚህ።»

ወይዘሮ ዓመለወርቅ ነጠላቸውን ሰብስበው ፈቀቅ አሉ፤ ቦታ ሊለቁለት ይሁን ሊሸሹት አልታወቀም። የትምወርቅ ኩስኩስቱን ከአስታጣቢዋ እጅ ወሰደች።

«አያ ሻንቆ፣ ይታጠቡ።»

ሻንቆ እጆቹን ዘረጋ፤ የእንሰቱ ጭማቂ ጥፍሮቹ ሥር ጠቁሮ ደርቋል። ውሃውን በቀስታ አፈሰሰችለት።

«ይበቃል፣ የኔ እመቤት።»

አልበቃትም። ጥፍሮቹ እስኪነጹ አፈሰሰች፤ ከዚያ ባዶውን ኩስኩስት ከግድግዳው ሥር አኖረችው።