የአሜባዋ ፍሬን

«እኔ የያዝኩት ጡንቻ ተኛ ስለው ይተኛል፣ ተነሳ ስለው ይነሳል! ካልሆነ ስሜን ቀይሩት!»

ይህን ያለችው ቁርሷን ቆማ እየጎረሰች ነው። ስሟ ግን እቤት ውስጥ ከተቀየረ ቆይቷል፤ ነጎድጓድ ነው የሚሏት። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፣ ዝናቡ ግን ሁልጊዜ አይከተልም።

ልብስ ሰፊዋ እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ቁርጡ የሚታወቀው ዛሬ ነው አይደል?» አለቻት።

«አዎ እማዬ። የጡንቻው ክር ዛሬ ካልላላ አማካሪዬ ዶክተሯ መለኪያ መሣሪያውን ለሌላ ተማሪ ትሰጠዋለች፣ የኔ ጥናትም ገደል ገባ። ግን አይገባም!»

«አፍሽን በዳቦ!»

«ዳቦው እኮ አፏ ውስጥ ነው» አለች ታናሽ እህቷ፣ የጫማዋን ክር እያሰረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡንቻ ውስጥ ሚዮሲን የሚባሉ፣ ዓይን የማያያቸው ሞተሮች አሉ። እያንዳንዱ ሞተር ሁለት ጭንቅላት አለው። ሥራ ሲኖር ይጎትታሉ፤ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ተጣጥፈው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፎ ያርፋሉ። ባያርፉማ ኖሮ ቁጭ ባልንበት ጉልበታችን ባለቀ! አንገታቸው ላይ የተጠመጠመች አንዲት ትንሽ ፕሮቲን ናት የምታሳርፋቸው፤ ነጎድጓድ «ፍሬን» ትላታለች።

ጥያቄዋ ይህ ፍሬን ከመቼ ጀምሮ አለ የሚል ነው። ጡንቻ የሚባል ነገር በሌላት፣ መላ አካሏ አንድ ሕዋስ በሆነው አሜባ ውስጥም ሚዮሲን አለ፤ ከነፍሬኑ። ስለዚህ የአሜባን ፍሬን ወስዳ፣ ዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ ጡንቻ ላይ ልትገጥመው ተነሳች። ከሠራ፣ ሁለቱም ፍሬኑን የወረሱት ጡንቻ ገና ሳይኖር ከኖረ ቅድመ አያት ነው ለማለት አፍ ይኖራታል። አፍ እንኳ ድሮም አላነሳትም።

ቤተ ሙከራው ጠባብ ነው፤ ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ መስኮቱ ግማሽ ድረስ ብቻ ይከፈታል። ከፀጉር የቀጠነው የጡንቻ ክር በሁለት መንጠቆዎች መካከል ተወጥሯል። ክሩ ሲጎትት ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ይወጣል፤ ሲያርፍ ይወርዳል። የራሱን ፍሬን ትናንት በልዩ ፈሳሽ አጥባ አውጥታለታለች። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያዘው ይጎትታል፣ ይጎትታል፣ አበደ።

የአሜባዋን ፍሬን ጨመረች። ጠበቀች። መስመሩ ንቅንቅ አላለም።

«እንዴት ነው?» አለች ዶክተሯ በበሩ ብቅ ብላ።

«እያረፈ ነው ዶክተር። ማለቴ… ሊያርፍ ነው።»

«መስመሩ እንዲያ አይልም።»

«አሜባዋ ሰነፍ ሆና ነው እንጂ…»

«ከምሳ በኋላ እመለሳለሁ። እንዲሁ ከጠበቀኝ መሣሪያውን አስረክቢ።»

ነጎድጓድ ምሳ አልበላ አላት። ሻይ ላፍላ ብላ የውሃ ማፍያውን ክዳን አነሳች። ውስጡ ዙሪያውን ነጭ ቅርፊት ይዟል፤ የቧንቧ ውሃ እያደር የሚተወው ካልሲየም ነው።

ክዳኑ ከእጇ ወደቀ።

ካልሲየም! በጡንቻ ቋንቋ ካልሲየም ማለት «ጎትት!» ማለት ነው። ጠዋት የተጣራ ውሃ አልቆባት ክሩን ያለቀለቀችው በቧንቧ ውሃ ነበር። ፍሬኑን ገጥማ ስታበቃ እግሯን ነዳጅ መስጫው ላይ ጭና ቆማለች! የተጣራ ውሃ የሚገኘው ደግሞ ጎረቤት ክፍል ነው። የጎረቤቱን ቴክኒሻን ባለፈው ሳምንት «ማሽንህ ሙዚየም ይግባ» ብላ ሰው ፊት አሳቅቃዋለች። ጠዋት ያልሄደችውም ለዚሁ ነው፤ ኩራት ራት አይሆንም ሲባል ለሌላ ሰው የተባለ ይመስላታል።

ጠርሙሷን ታቅፋ በሩን አንኳኳች።

«ሙዚየሙ ዝግ ነው» አለ ቴክኒሻኑ ከውስጥ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ። አፌ እኮ ነው።»

«አፍሽንማ ሕንፃው በሙሉ ያውቀዋል።» በሩን ከፈተ። «ለምንድን ነው የፈለግሽው?»

«የተጣራ ውሃ አልቆብኝ በቧንቧ ውሃ ሠራሁ። ክሩን ካላጠብኩት አለቀልኝ።»

ሊስቅ አስቦ ፊቷን ሲያይ ተወው። «አቀብይኝ ጠርሙሱን» አለ።

ክሩን ደጋግማ በንጹሕ ውሃ አጠበችው፤ ካልሲየም የሌለበትን ፈሳሽ ሞላችለት። መስመሩ ቆየ… ቆየ… ከዚያ መውረድ ጀመረ። እንደ ደከመው ሰው ቀስ እያለ ወረደና ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ በታች ቢለምኑትም እምቢ አለ።

ዶክተሯ ስትመለስ ነጎድጓድ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አወራች። «ጠዋት በቧንቧ ውሃ ነበር ያለቀለቅሁት። ጥፋቱ የአሜባዋ ሳይሆን የኔ ነው። አሁን ወርዷል፤ ግን ግማሽ ነው።»

ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ካልሲየም ጨምሪበት።»

ጨመረች፤ መስመሩ ወጣ። አጠበችው፤ ወረደ። ደገሙት፤ አሁንም ወጣ፣ ወረደ።

«ፍሬኑ የመጣው ስንትና ስንት ዘመን ከተለያየ ዘመድ ነው» አለች ዶክተሯ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ግማሹን ካሳረፈው የሚጠና ነገር አለው። መሣሪያው አንቺ ጋ ይቆይ።»

ነጎድጓድ እቤት የደረሰችው እየሮጠች ነው። «ስሙኝ! ከጡንቻ በፊት ዕረፍት ነበረ! አሜባ ሆነን፣ እጅ የለን እግር የለን፣ ማረፍ እንችልበት ነበር! ይህን በዓይኗ ያየች እኔ ብቻ ነኝ! ዶክተሯ እንኳ አፏን ከፍታ ቀረች! ነገ ደግሞ…»

እናቷ የስፌት መኪናዋን አቁማ በደስታ ታያታለች። ነጎድጓድ ቦርሳዋን ሳታወርድ ስለ መንጠቆው፣ ስለ መስመሩ፣ ወደፊት ስለምትሸለመው ሽልማት አወራች፣ አወራች።

ታናሽ እህቷ እጇን እንደ ተማሪ አወጣች። «ምላስም ጡንቻ ነው አይደል?»

«እንዴታ! ጎበዝ!» አለች ነጎድጓድ፣ ጠያቂ በማግኘቷ ደስ ብሏት።

«ታዲያ ፍሬኑን መጀመሪያ እዚያ አትገጥሚውም ነበር?»