የአባ መብረቅ ቀይ በርኖስ

ሰሞኑን የልጅ ልጄ «እማዬ፣ ፈረስ ቀይ ቀለም እንደ እኛ አይታየውም፤ ቀዩም የደረቀ ሣሩም አንድ ነው የሚሆንበት» አለኝ። የእንስሳት ሐኪም ሆኖ የለ! ምነው ያኔ ኖረህ ለአያትህ በነገርካቸው አልኩት።

ባሌ ሀብቴ ከሸዋ ለሥራ መጥተው መቀሌ የቀሩ ሰው ነበሩ። መብረቅ የሚባል ዳማ ፈረስ ነበራቸው። በዚያ ዘመን ወጉ ነውና ሰው ሁሉ በፈረሳቸው ስም አባ መብረቅ ይላቸዋል። ከሥራ ሲመለሱ እኔም በር ላይ ቆሜ «አባ መብረቅ፣ ደህና ዋሉ?» ስል ፈረሱ ወደ እኔ ይገሰግሳል፤ እጄ ላይ ገብስ አለዋ! እሳቸው ግን «የሚያውቀኝ በቀዩ በርኖሴ ነው» እያሉ ይኩራሩ ነበር።

ጣሊያን ሲገባ ፈረሱን ወሰደባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አባ መብረቅ እንዳትሉኝ! ፈረስ የሌለው ሰው ምን ስም አለው?» አሉ። አምስት ዓመት ሙሉ ያ ስም በቤታችን አልተነሳም። አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ጣሊያን ሲወጣ ጥሏቸው የሄዳቸው ፈረሶች መቀሌ አጠገብ ኲሓ አንድ ግቢ ተሰበሰቡ። ባለቤት ነኝ ያለ አጥሩ ጋ ይቆማል፤ ፈረሱ ወደ እሱ ከመጣ ይወስደዋል፣ ካልመጣ ለሌላ ይሰጣል። ባሌ በርኖሳቸውን ደርበው እንደ ሙሽራ ቆሙ። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ምን አለበት! መብረቅን ወዲያው ለየነው፤ ከስቶ አጥንቱ ወጥቷል። ነፋሱ ከእሱ ወደ እኛ ነው የሚነፍሰው፤ ሽታችንም አይደርሰው። ቀና ብሎ አየንና ተመልሶ ሣሩን ጋጠ።

ፈረሶቹን የሚመዘግበው ጸሐፊ ደሳለኝ «አላወቀዎትም አባቴ፣ ተራውን ይልቀቁ» አለ። ባሌ በርኖሳቸውን አስተካከሉ።

ደሜ ፈላ። «ኧረ ይናገሩ እንጂ፣ አባ መብረቅ!» ብዬ ጮህኩ።

የፈረሱ ጆሮ ቀጥ አለ። አሽካክቶ እየጋለበ መጣና ባሌን አልፎ አፍንጫውን ባዶ እጄ ውስጥ ወሸቀ። ገብስ አለመያዜ አስለቀሰኝ። ደሳለኝም «በቃ፣ ውሰዱት» አለን።

ባሌ በርኖሳቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉትና «ማዘንጊያ፣ እስኪ ያን ስሜን ድገሚው» አሉኝ።

እስከ መቀሌ ድረስ እየደጋገምኩ ጠራኋቸው።