ያልታጠበው ፊት

ቧንቧ ሠራተኛው ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ ቀይሮታል፤ የቤተ ሙከራው ቧንቧ ግን ተመራማሪዋ ብቻዋን ስትሆን ጠብ፣ ጠብ ማለቱን አልተወም። በመጨረሻ ሰውየው «እህቴ፣ ይሄ የብረት ችግር አይደለም» ብሏት መፍቻውን ሰብስቦ ሄደ።

ከቧንቧው በላይ የአባቷ የእጅ ጽሑፍ ተለጥፏል፦ «መጀመሪያ እጠበው።» ነፍሱን ይማረውና፣ ሠላሳ ዓመት እዚሁ ክፍል ነዳጅን ሳያቃጥል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ የነዳጅ ሴል ሲሠራ ኖሮ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «አባ እጠብ» ይሉት ነበር። ከምድጃ የወጣ ናሙና በውሃ ሳይታጠብ ማይክሮስኮፕ ፊት አይቀርብም፤ አቧራ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ሰው እንኳ በዚያ ክፍል እንዲህ ተከብሮ አያውቅም።

ካቶድ የሚሉት ከጥፍር የሳሳ የሴሉ ጥቁር ሽፋን ነው። ሰባት መቶ ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ተቀምጦ በፊቱ ከአየር ኦክስጅን ይስባል፤ ሴሉ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ያኔ ነው። ፊቱ ከተደፈነ ትንፋሹ ያጥራል። የአባቷ ዝና የቆመው «የእኛ ካቶድ ፊቱ አይበላሽም» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር።

ይህንኑ አምነው በሴሉ የሚሠራ አንድ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ማሽን ሆስፒታል ውስጥ፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ሊተክሉ ነው። የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ ነው። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ጠዋት ብቅ ብሎ የምረቃው ሪባን መገዛቱን ነገራት፤ መቀሱም። ምድጃው ውስጥ ያለው ሴል በየቀኑ ጉልበቱ እየወረደ ነው ስትለው፣ መለኪያው አርጅቶ ይሆናል አለ። ያንኑ መለኪያ ትናንት ለጎብኚዎች «አዲስ» ብሎ ያሳየው ራሱ ነው።

እሱ እንደወጣ ቧንቧው ጀመረ። ልትዘጋው ስትታገል ውሃው ተረጭቶ ጋዋኗን አራሰው። ማንም ከሚስማሩ ሊያወርደው ያልደፈረውን የአባቷን ጋዋን አወረደችና ለበሰች። ትከሻዋ ላይ እጅ ያረፈባት መሰላት፤ ስትሳሳት አባቷ ከኋላዋ ቆሞ ያደርግ እንደነበረው።

ኪሱ ውስጥ አውራ ጣት የምታህል የፕላስቲክ ሣጥን አገኘች። ውስጧ የካቶድ ስባሪ፤ ክዳኗ ላይ በእሱ እጅ «ያልታጠበ» ተብሎ ተጽፏል። ቀኑ ለመጨረሻ ጊዜ ሥራ የገባበት ቀን ነው።

በወረንጦ ለሁለት ሰብራ አንዱን እንዳለ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባችው። ጥቁሩ ፊት በነጭ ፍርፋሪ ተወርሯል፤ እርጥበት የበላው ግድግዳ ነው የሚመስለው። አቧራ አይደለም። አቧራ ከላይ ይወርዳል፤ ይሄ ሙቀቱ ከካቶዱ ሆድ ገፍቶ ያወጣው፣ ፊቱን የሚደፍነው ስትሮንቲየም የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሁለተኛውን ስባሪ ቧንቧው ሥር አጥባ አየችው። ጥርት ያለ፣ ጥቁር፣ ምንም የማያውቅ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማስረጃውን በንጹሕ እጅ ሲያጥቡ ኖረዋል። አባቷም መጨረሻ ላይ አውቋል፤ አውቆም ኪሱ ከቶታል።

ለኃላፊው ደውላ ያየችውን ነገረችው።

«አባትሽን በመቃብሩ ልታዋርጂው ነው?» አላት።

«የላከኝ እሱ ነው» አለችው።

ሁለቱን ፎቶዎች ሪፖርቱ ላይ ጎን ለጎን ለጥፋ፣ ከሥራቸው «ማሽኑ አይተከልም» ብላ ፈረመች። ጋዋኑን ወደ ሚስማሩ መለሰችው።

«በቃ አባዬ፣ አይተነዋል» አለች።

ቧንቧው ዝም አለ። በሩን ልትዘጋ ስትል ጠብ አለ፤ አባቷ በሕይወቱም የመጨረሻዋን ቃል ለሌላ ሰው ትቶ አያውቅም ነበር።