የአቅኚው ሦስት ጉልቻ

ፈንታሁን ሰው «ደህና አደርክ» ሲለው እንኳ «ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው» የሚል ሰው ነው። እናም አስተማሪዋ የትምወርቅ ከመካነ ሰላም ደብተር ይዛ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ይህን ቀዬ መጀመሪያ ያቀናው ማን ነው?» ስትለው ጆሮው እንደ በቅሎ ጆሮ ቀጥ አለ።

መልሱ እዚያው ግቢው ጥግ ተቀምጧል፤ ቅድመ አያቱ መለሰ ጫካውን መንጥረው ሲሰፍሩ ድስት የጣዱባቸው ሦስት ጥቋቁር ጉልቻዎች። በቀዬው ልማድ በጋ ሲገባ የወንዙን ውሃ ቀድሞ ወደ ማሳው የሚጠልፈው ጉልቻዎቹ ያሉበት ቤት ነው። የፈንታሁን ሽንኩርት ከሁሉም ቀድሞ የሚደርሰው በዚህ ነበር።

«ለምን ፈለግሽው፣ የኔ ልጅ?»

«የመንደሩን ታሪክ ልጽፍ ነው።»

ፈንታሁን በሆዱ ሳቀ። አባቱ «የአያትህን ስም የጠየቀህ መሬትህን ሊለካ ነው» ይሉት ነበር።

«እኛማ የትናንት መጤ ነን» አላት። «አቅኚው የጎረቤቴ የውበቱ ቅድመ አያት ናቸው። ጅብ ኮርቻ ጭነው ከአባይ በረሃ መጡ። ያኔ ዱባው ጎጆ ያክል ነበር፤ አንዱን ፈልፍለው ሰባት ክረምት ኖሩበት። ካላመንሽ ጉልቻቸው ውበቱ ጓሮ አለልሽ።»

እሷም ጅቡን ጭምር ጻፈች። «ነገ ጠዋት ጉልቻውን ፎቶ አነሳለሁ» ብላ ሄደች።

ነገ የውሃ መክፈቻ ቀን ነው። ፈንታሁን ፎቶው እንዳለቀ መልሶ ሊወስዳቸው አስቦ፣ ውበቱ ገበያ እንደወጣ ጉልቻዎቹን በአህያ ጭኖ ጓሮው አራገፈለት።

ውበቱም ያው የዚያው ቀዬ ጠርጣራ ነው። ተመልሶ የፈንታሁንን ጉልቻ ጓሮው ሲያይ «ሌባ ሊያሰኘኝ ነው» አለና ወስዶ ወንዝ ዳር ጣላቸው። ከከላላ መጥታ ከሰፈረች ሁለት ዓመት ያልሞላት ቦጋለች ውሃ ልትቀዳ ወርዳ አገኘቻቸው። ጉልቻዋ ተሰንጥቆባት ነበርና «አልሐምዱሊላህ» ብላ አንድ በአንድ ወደ ቤቷ አመላለሰቻቸው።

በማግስቱ የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ሙላው ሽማግሌዎቹንና አስተማሪዋን አስከትሎ መጣ። የፈንታሁን ግቢ ባዶ፣ የውበቱ ጓሮ ባዶ። ቤት ለቤት ሲፈልጉ ቦጋለች ዘንድ ደረሱ፤ ሽሮዋ ጉልቻዎቹ ላይ ይንተከተካል።

ሙላው ጎንበስ ብሎ ድንጋዮቹን አያቸው። «ልማድ ልማድ ነው። አብሽሪ ቦጋለች፣ ዶማሽን ያዢ፤ ዘንድሮ ቀድመሽ የምትጠልፊው አንቺ ነሽ።»

«ኧረ የመለሰ ጉልቻ ነው፤ የኔ ቅድመ አያት» አለ ፈንታሁን።

የትምወርቅ ደብተሯን ገለጠች። «ጋሼ፣ የትናንት መጤ ነን አላሉኝም?»

ፈንታሁን አፉን ከፈተ። የመሬት ለኪ አድፍጦ እንደሆን ዙሪያውን ቃኘ፤ መልሶ ዘጋው።

ቦጋለች ዶማዋን ተሸክማ ስታልፍ፣ «ጋሼ ፈንታሁን፣ እስክመለስ ድስቱን ይዩልኝ፤ እንዳይገነፍል» አለችው።

ቁጭ ብሎ ያማስል ጀመር። «ከዚህ ሁሉ ሰው እኔን የመረጠችው ምን አስባ ነው?» ይላል በሆዱ።