የልምምድ ታካሚ

በኮሌጁ ማደሪያ «ማይኳ» ይሏታል፤ አፏ ሥራ ፈትቶ ስለማያውቅ ነው። ከእርግዝና በፊት ስለሚደረግ ጥንቃቄ ጓደኞቻቸውን የሚያስተምሩ ተማሪዎችን ልታሠለጥን ነርሷ ስትመጣ፣ ሁሉም ጣት ወደ ማይኳ ተቀሰረ። እሷም አላሳፈረቻቸውም፤ ስለ ፎሊክ አሲዱም፣ ስለ ደም ማነሱም፣ ስለ ስኳሩም፣ ጽንስ ስለሚጎዱ መድኃኒቶችም ትምህርቱን እንደ ውኃ ጠጣችው። ነርሷ ግን ከመናገራችሁ በፊት አዳምጡ እያለች ትወተውት ነበር። ማይኳ ይህንንም ሸምድዳ ለሌሎቹ ታስተምረው ጀመር።

ማደሪያ ለማደሪያ ከመዞራቸው በፊት ቤተሰብ ላይ እንዲለማመዱ ታዘዙ። ማይኳ ደግሞ ከታላቅ እህቷ ሌላ ማን አላት? እናታቸው ካረፈች ወዲህ በልብስ ስፌት ለፍታ ያሳደገቻት እሷ ናት። ትዳር እንኳ የያዘችው ታናሿን ኮሌጅ ካስገባች በኋላ ነው።

እሁድ ከሰዓት እህትየው ከስፌት መኪናዋ ዞር ብላ ተቀመጠችላት። ማይኳ የልምምዱን ካርድ ሰጠቻት። ልጅ የምትፈልግ፣ ጤነኛ፣ ምንም መድኃኒት የማትወስድ አዲስ ሙሽራ ሁኚ ይላል። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ እንደ ትልቅ ሐኪም ኮስተር ብላ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ይኖር እንደሆነ ጠየቀቻት። እህትየው የጨርቁን ጫፍ አፍተለተለች።

«አለ» አለች። «የሚጥል በሽታ አለብኝ። ባሌም አያውቅም።»

ማይኳ በሳቅ ፈረሰች። እህቷ እንዲህ ተዋናይ መሆኗን መቼ ታውቅ ነበር!

«እትዬ፣ ካርዱ ላይ የሌለ ነገር አታምጪብኝ እንጂ!»

እህትየውም ፈገግ አለች። ካርዱን አየት አድርጋ ምንም እንደማትወስድ ተናገረች፤ ልምምዱም አለቀ። ማይኳ ይህን ወሬ ማደሪያ ወስዳ፣ እህቷን እየቀዳች ጓደኞቿን ስታስቅ ሰነበተች።

እህትየው አረገዘች። ሆዷ ገፋ ሲል ማይኳ ሐኪም ቤት አብራት ሄደች፤ አልትራሳውንድ የሚያነሣው ሐኪም ፊቱ ተለወጠ። የጽንሱ የጀርባ አጥንት ሳይገጥም ክፍት ቀርቷል። ምን መድኃኒት ትወስድ እንደነበር ጠይቆ ሲሰማ፣ ከማርገዟ በፊት በሌላ ተቀይሮላት ቢሆን ምናልባት ይህ ባልደረሰ አለ። ያቺ «ምናልባት» ማይኳን እንደ እሾህ ወጋቻት። ይህንኑ ነገር እኮ ለስንት ሰው አስተምራለች! የገዛ እህቷ አፍ አውጥታ ስትነግራት ግን ሳቀች። ያን ሳቋን መልሳ መዋጥ ብትችል ምን ባልሰጠች ነበር።

ከክፍሉ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። ማይኳ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።

«ለምን ደግመሽ አልነገርሽኝም፣ እትዬ?»

«አንዴ ለመናገር ምን ያህል እንደፈራሁ ብታውቂ» አለች እህትየው። «አንቺ ደግሞ የተማርሽ ነሽ። ስትስቂ ጊዜ፣ ለካ ያን ያህል የሚያሠጋ አይደለም ብዬ ደስ አለኝ።»