የሚደርሱልዎ ሰዎች ስንት ናቸው?

በዚያ ክረምት ዝናቡ አላባራ አለ። ጎርፍ ድልድዩን ወሰደው፤ እንጨት የጫነ መኪና መግባት አቆመ። አናጢው ቤት አንዲት ሳንቃ አልቀረችም። ሥራ ጠፋ፣ እህልም ተከተለው። ሚስቱ በዚያው መሀል ታመመች፤ አልከረመችም።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ጠዋት፣ ደረቷ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለች ወጣት ከአናጢው ሱቅ ደጃፍ ቆመች። ሰዉ በችግር ጊዜ አለኝታ አለኝ ብሎ ያስብ እንደሆነ ከቤት ቤት እየዞረች የምትጠይቅ የጥናት ሠራተኛ ናት። አናጢው ግን በልቡ፣ «ለእርዳታ ሊመዘግቡ ነው፤ ሰው አለኝ ያለ ይሰረዛል» አለ።

«አባባ፣ ከባድ ችግር ቢገጥምዎ የሚደርሱልዎ የቅርብ ሰዎች ስንት ናቸው?»

«ማንም የለኝ።»

«አንድ እንኳ?»

«ውሻም የለኝ።»

«ከጎረቤትስ እርዳታ ማግኘት ይቀላል?»

«ኤዲያ! ብሞት እንኳ የሚያውቁት ስሸት ነው።»

ቀና ሲል ጎረቤቱ ልብስ አጣቢዋ ባልዲዋን አንጠልጥላ ከልጅቷ ኋላ ቆማለች።

ጆሮው ድረስ ጋለ። ያን ክረምት ለሚስቱ ሬሳ ሳጥን የሚሆን እንጨት ቢያጣ፣ የማድ ቤቷን በር ነቅላ የሰጠችው እሷ ናት። «ኋላ ይሠሩልኛል፣ ጋሼ» ብላው ነበር። ለስንቱ በር ሲሠራ የእሷን ዛሬ ነገ ሲል፣ ማድ ቤቷ እስከ አሁን ጆንያ እንደተጋረደበት አለ።

«እርዳታው መቼ ነው?» አለ፣ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቢያጣ።

«እርዳታ እኮ የለም፣ አባባ። ጥናት ብቻ ነው።»

አጣቢዋ ሳቀች። «ጎረቤትዎን በነጻ ሸጧት በሉኛ!»

«እርስዎስ፣ እትዬ?» አለች ልጅቷ። «ስንት ሰው አለዎት?»

«እኔማ እኚህን ቆጥሬ ነበር» አለች አጣቢዋ። አሁን አልሳቀችም። ባልዲዋን ይዛ ገባች።

አናጢው ለአንድ ባለ ሆቴል ሥራ ያስቀመጠውን ደረቅ እንጨት አወጣ። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ሥራ አልነካም። በሩን በጀርባው ተሸክሞ ሲመጣ አጣቢዋ ክንዷ ድረስ አረፋ ውስጥ ነበረች፤ አልተነሳችም። ጆንያውን አውርዶ በሩን ገጠመ።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣች። ከፈተች፣ ዘጋች።

«አናቱ ላይ ይይዛል» አለች።

አናጢው በሩን ነቀለና መላጊያውን አነሳ።