በስለሺ ልክ

«እጅህን አውርድ። የልብስ ማማር የሚታየው እጅ ሲወርድ ነው» አለ ይገዙ።

ዋቅጋሪ እጁን አወረደ። አረንጓዴው ማልያ ደረቱ ላይ ልክክ ብሎ ተቀምጧል፤ ከፊት ለሚያየው ሰው እንከን የለውም። ይገዙ ዞሮ ከኋላ አየው። ትከሻው ላይ ጨርቁ ተወጥሮ ከብብት እስከ ብብት አንድ መስመር ሠርቷል። ይገዙ ይህን መስመር ያውቀዋል። ትናንት ሲሰፋ አውቆታል፤ እውነቱ ይነገር ከተባለ ደግሞ ገና መቀሱን ሲያነሳ ነው ያወቀው።

«ጠበበህ እንዴ?» አለ፣ ለወጉ ያህል።

«ኧረ በጣም ጥሩ ነው፣ ጋሼ ይገዙ።» ዋቅጋሪ እጁን ሊያነሳ ጀመረና የተባለው ትዝ ብሎት መልሶ አወረደው። «ለእኔ ተብሎ የተሰፋ ልብስ ለብሼ አላውቅም። የወንድሞቼን ውራጅ ነው ስለብስ የኖርኩት። እግዜር ይስጥልኝ።»

ይገዙ ሜትሩን እንደ ልማዱ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ የሱቁን በር ዘጋና ቁልቁል ወደ ዊንጌት፣ ወደ ኳስ ሜዳው መንገድ ጀመረ። ልጁ ከፊቱ ይሄዳል፤ ክርኖቹን ከጎኑ ራቅ አድርጎ፣ ሁለት ባልዲ ውኃ የተሸከመ ይመስላል። ይገዙ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሠፈሩ ክር ፋብሪካ የእግር ኳስ ቡድን አለው። ክረምት ሲገባ ጨዋታ ይቆማል፣ ወሬው ግን አይቆምም። እንጦጦ ዝናቡን ሲለቀው ደጋፊው ሁሉ ይገዙ ሱቅ ይታጎራል፤ አንዱ የጨርቅ ጣቃ ላይ፣ አንዱ በርጩማ ላይ፣ የተረፈው ደጃፉ ላይ። የሱቁን ነገር ቀበሌው ቢሰማ ኖሮ የውይይት ክበብ ብሎ ይመዘግበው ነበር። ማን ሊሄድ ነው፣ ማን ሊመጣ ነው፣ የክንፍ ተጫዋቹን ሌላ ፋብሪካ ቋሚ ሥራ ብሎ አባብሎታል፣ ተከላካዩን የጦር ሠራዊቱ ቡድን ፈልጎታል፣ እየተባለ ይዋላል። ከሁሉ በላይ ግን ሙግቱ የሚከርረው በበረኛ ላይ ነው። ጩኸቱ ጣራ ሲነካ አንዱ ተነስቶ «ይገዙስ ምን ይላል?» ይላል። ይገዙም በከንፈሩ የያዘውን ስፒል አውጥቶ፣ ብረት ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ሲንጣጣ የነበረውን ሰው ሁሉ ዝም አሰኝቶ፣ የሚለውን ይላል። በቃ፣ ያ ጉዳይ ያን ዕለት ተዘጋ ማለት ነው።

ይህን ክብር ያገኘው በስለሺ ነው። ስለሺ የቀን ሠራተኛ ሳለ ከፎቅ የሚወረወርለትን ጡብ አንድም ሳይጥል ሲቀልብ ይገዙ አይቶት፣ ክንዱን ይዞ ፋብሪካው ሜዳ ድረስ አመጣው። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ ሌላ በረኛ አላወቀም። ሰው ስለሺን «የይገዙ ልጅ» ይለዋል። ስለሺ ኳስ ባዳነ ቁጥር ሰው የሚያጨበጭበው ወደ ይገዙ ዞሮ ነው። ሚስቱ ማሚቴ እንኳ አንዳንዴ፣ እኔን ያገባኸኝ በረኛ አለመሆኔን ሳታውቅ ነው ወይ እያለች ትስቅበታለች።

ታዲያ በዚህ ክረምት ብርሃኔ ጉድ አመጣ።

ብርሃኔ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይለጥፋል። ከይገዙ ጋር ከልጅነት ጀምሮ የአንድ ሰሃን ጓደኞች ናቸው። ሜዳ ላይም ለሁለት የሚበቃ አንድ ድንጋይ አላቸው፤ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። ይኸው ብርሃኔ ለክርስትና በግ ሊገዛ ሸጎሌ በግ ተራ ወርዶ፣ በጉን ትቶ ልጅ አይቶ መጣ። ከነጋዴ እጅ ያመለጠ በግ አጥር ሊዘል ሲል አንድ የበግ ነጂ ተወርውሮ አየር ላይ ያዘው፣ አለ። ወሬው ሲጀመር በጉ ግልገል ነበር። ነሐሴ ላይ ሙክት ሆነ። ጳጉሜ ሲደርስ ብርሃኔ ወይፈን ነው ማለት ነበር የቀረው።

ልጁ ዋቅጋሪ ይባላል። መጥቶ ፋብሪካው ሜዳ ላይ ቆመ፤ የተመታበትን ሁሉ ያዘ። በማግስቱ ሁለት ደጋፊዎች መንገዱን ተሻግረው ጎሚስታው ጋ ገቡ። ሳምንት ሳይሞላ የቀሩት ተከተሉ። ይገዙ ሱቅ ውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ብቻውን ይሰማ ጀመር። ይገዙም በየመሐሉ እግሩን ከመርገጫው እያነሳ ያዳምጥ ነበር። አንድ ቀን ከማዶ ጩኸቱ ጋል አለና አንድ ድምፅ «ብርሃኔስ ምን ይላል?» ሲል ሰማ።

ያን ቀን ማሚቴ የላከችለትን ምሳ ሳይነካ መለሰው። ቀና። ሌላ ስም የለውም። ሌሊት ሲገላበጥ የሚያየው ዋቅጋሪን አይደለም፣ ስለሺንም አይደለም፤ ብርሃኔ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሰው ከቦት ሲስቅ ነው።

በፋብሪካው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። የስፖርት ኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ አድነው ሂስና ግለ ሂስ ብሎ መድረኩን ሲከፍት ይገዙ ቀድሞ እጁን አወጣ። በረኛ ከበግ ተራ አይመጣም፣ ስለሺ ስንት ዓመት ደረቱን የሰጠለት ቦታ ነው፣ ውለታ የማያውቅ ቡድን ዋንጫ አያውቅም፣ አለ። ብርሃኔም ቀስ ብሎ ተነሳ። ስለሺ እርጥብ ኳስ እንደሚጥል ሁላችንም እናውቃለን፣ ለፍቅር ብለን ዝም አልን እንጂ፣ አለ። ከዚያም ወደ ይገዙ ዞሮ፣ «ደግሞስ ስለሺን ያመጣኸው ከዩኒቨርሲቲ ነው?» ሲለው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ይገዙ አብሮ ለመሳቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ እምቢ አለው።

ጓድ አድነው ነገሩን በሙከራ ግጥሚያ ጨረሰው። ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ ጎል ላይ ስለሺ፣ ሌላው ላይ ዋቅጋሪ ይቆማሉ። ዋቅጋሪ ከበለጠ ፋብሪካው ይቀጥረዋል፤ ካልሆነ ወደ ሸጎሌ፣ ወደ ሰው በግ ይመለሳል። ለሁለቱም አዲስ ማልያ ይሰፋ ተባለ፤ ሰፊው ደግሞ ማን ሊሆን ነው።

ዋቅጋሪ ሊለካ ሲመጣ ሜትሩ እዚያው ይገዙ አንገት ላይ ነበር። ይገዙ አላነሳውም። ዓይኔ ሜትር ነው፣ ሂድ፣ አለው። ከዚያ የስለሺን ልክ የያዘውን አሮጌ ካርቶን ከጥግ አውጥቶ ሁለቱንም ማልያ በእሱ ቆረጠ። በረኛ ማለት ስለሺ ነው፣ የበረኛም ልክ የስለሺ ልክ ነው፣ ብሎ ራሱን አሳመነ። ልጁ ክንደ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ መሆኑን እያወቀ። ቀለም የተነከረ አቡጀዲ እንደማይለጠጥም እያወቀ። ብብቱን ደግሞ ደርቦ ሰፋው።

ሜዳው በጭቃ ቦክቷል። ብርሃኔ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጦ ጎኑን ባዶ ትቶለት ነበር፤ ይገዙ እንዳላየ ሆኖ በወዲያኛው መስመር ቆመ። ጨዋታው እንደተጀመረ ስለሺ ከአጥቂ እግር ሥር ተወርውሮ አንድ ኳስ አነሳ። ይገዙ መዳፉ እስኪግል አጨበጨበ።

ዕረፍት ሲቃረብ ወደ ዋቅጋሪ ጎል አንድ ኳስ ተላከች። ከባድ አልነበረችም፤ ከፍ ብላ በቀኝ በኩል የምትመጣ፣ እጅ ለዘረጋ ሰው የምትያዝ ኳስ ነበረች። ዋቅጋሪ ዘለለ። እጁ ጆሮው ጋ ሲደርስ ቆመ። ኳሷ በላዩ አልፋ ገባች።

«ወደ በግህ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሌሎችም ተቀበሉት። ብርሃኔ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ።

ይገዙ ደስ አለው። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ደረቱ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ የተነሳለት መሰለው። ወዲያው ደግሞ ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደ እሱ ይመጡ ጀመር። አንተ እኮ ብለህ ነበር፣ እኛ ነን ያልሰማን፣ እያሉ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ዕረፍት ሲነፋ ከበውት ነበር። ከመሃላቸውም አንዱ፣ ጥያቄው ምን ያህል እንደተናፈቀ ያላወቀው፣ «እህ፣ ይገዙስ ምን ይላል?» አለ።

ይገዙ አፉን ሊከፍት ሲል ሰዉ ገለል አለ። ዋቅጋሪ ነበር። ጭቃ የነካውን እጁን ከማልያው አርቆ፣ አንገቱን ሰብሮ ቆመ።

«ጋሼ ይገዙ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምን ሆንክ?»

«ኳሷን እደርስባት ነበር። እጄን ስዘረጋ ብብቴ ሥር ክሩ ቋ ሲል ሰማሁ። የደከሙበት ልብስ በመጀመሪያው ቀን ከሚቀደድብኝ ብዬ እጄን መለስኩት።» ክንዱን ትንሽ ገለጥ አድርጎ ብብቱ ሥር የተከፈተችውን ቀዳዳ አሳየ። ጣት አታስገባም። «መርፌ ይዘው ከሆነ አንዴ ቢጠቅሙልኝ።»

የከበቡት ሰዎች ሳቁ። ለጨርቅ ብሎ ጎል የሚያስገባ በረኛ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው፤ ይኸ ሞኝ፣ አሉ። ይገዙም ሊስቅ ነበር። ግን ልጁ ብብቱን ሊያሳይ ዞር ብሎ ጀርባው ከፊቱ ነው፤ ያ መስመር በላብ ርሶ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። እርጉም፣ አለ በልቡ፤ ማንን እንደሆነ ግን እንጃ።

እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ አስገባ። ልብስ ሰፊ ነውና ሁለት ነገር ከኪሱ አይለይም፤ ክር የተጠመጠመባት መርፌ አለች፣ በወረቀት የተጠቀለለች ግማሽ ምላጭም አለች። ጣቱ መርፌዋን ነካ። ሁለት ጊዜ ጠቅሞ ቢልከው ማንም ምንም አይልም። ልጁ እጁን እንደሰበሰበ ይቆማል፣ ሰውም እንደከበበው ይቆያል።

ምላጯን አወጣ።

«እጅህን አንሳ» አለ።

«እንዳይቀደድ፣ ጋሼ...»

«ይቀደድ። አንሳ።»

ዋቅጋሪ አነሳ። ይገዙ ደርቦ የሰፋውን ብብት ከላይ እስከ ታች ተረተረው። ዞሮ ሌላውንም ተረተረ። ክሩ ሲለቅ የልጁ ክንድ ተፈቶ ወደ ላይ ሄደ፤ ዋቅጋሪ ራሱ ደንግጦ እጁን ቀና ብሎ አየው። ሳቁ ቆሟል። ብርሃኔ መቼ እንደመጣ አልታወቀም፣ ከሰዎቹ ኋላ ቆሞ ሲያይ ነበር።

«ልኩን አልወሰድክለትም ነበር እንዴ?» አለ ብርሃኔ።

«አልወሰድኩም። በስለሺ ልክ ነው የሰፋሁለት።» ይገዙ ምላጯን ወረቀቷ ውስጥ መለሰ። «ተሳስቼ እንዳይመስልህ፣ አውቄ ነው።»

ብርሃኔ የተተረተረውን ብብት አየ። ከዚያም፣ «ቅናት ዓይን ያሳውራል ሲባል ነበር የምሰማው፤ እጅጌ እንደሚያጠብ ግን ገና ዛሬ አየሁ» አለና ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። የከበቡትም እየተንጠባጠቡ ሄዱ። ይገዙ ብቻውን ቀረ።

ከዕረፍት በኋላ ያቺው ዓይነት ኳስ መጣች፤ ያውም ከበድ ብላ፣ ማዕዘን ፈልጋ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ይገዙ እንድትገባ ተመኘ። ዋቅጋሪ ከጭቃው ተነቅሎ ወጣ፤ የተተረተረው ብብቱ ተከፍቶ ጎኑ ታየ፤ ኳሷን በሁለት እጁ ይዞ ወረደ። ሜዳው አንድ ጊዜ ጮኸ። በሌላው ጎል ደግሞ ስለሺ እርጥብ ኳስ ከደረቱ ላይ አፈትልካበት ተቆጠረበት።

ሲያልቅ አንድ እኩል ነበር። ጓድ አድነው ኮሚቴውን ጎሉ አጠገብ ሰበሰበ። ክርክሩ ወዲያው ጦፈ፤ ግማሹ ልምድ ይሻላል አለ፣ ግማሹ ያቺን ዝላይ አላያችሁም ወይ አለ፣ ሌላው ደግሞ ለጨርቅ የሚራራ በረኛ ነገ ለአጥቂም ይራራል አለ። ካፊያ ጀመረ። ስለሺ ራቅ ብሎ ሣሩ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ይፈታል፤ ወደ ማንም አያይም።

«ጓድ ይገዙ፣» አለ አድነው በመጨረሻ፣ «አንተስ ምን ትላለህ?»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ብርሃኔም ዞረ። ይገዙ ስለሺን አየ፤ ጡብ ሲቀልብ ያየውን ያን ልጅ። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ።

«ና፣ እዚህ ቁም» አለው ዋቅጋሪን።

ልጁ መጥቶ ቆመ፣ እጁንም እንደተማረው ወደ ታች አደረገ።

«ዘርጋ። እስከ መጨረሻው ዘርጋው።»

የሜትሩን ጫፍ አንገቱ ሥር፣ አከርካሪው ላይ ያዘ፤ በትከሻው በኩል አሳልፎ እስከ አንጓው ሳበው። የስለሺን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል። ሜትሩ ያንን ቁጥር አልፎ ሲሄድ ያ የክረምቱ ቅናት እንደገና ደረቱን ወጋው፤ አላለቀለትም። አጎንብሶ ሁለቴ አየ።

«ከስለሺ በአንድ ጋት ይበልጣል» አለ። ከኋላ ያሉት እንዳልሰሙ ሲያይ፣ ስለሺም እንዲሰማ፣ ብርሃኔም እንዲሰማ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።